የማይታጠፍ ቢላዋ ስንገዛ ምን እንመልከት?

በቤታችን ካሉ ዕቃዎች ሁሉ በየቀኑ የሚያገለግለን፣ ስንገዛው ግን ብዙም የማናስብበት ዕቃ ቢላዋ ነው። ለፍሪጅና ለልብስ ማጠቢያ ሦስት ሱቅ እንዞራለን፣ ዋጋ እናወዳድራለን። ቢላዋ ሲሆን ግን ከሹክ በርካሹን አንስተን እንሄዳለን። አለዚያም ልጆቻችን ከጉዞና ከአደን ዕቃ መደብር ትልቅና የሚያስፈራ መልክ ያለውን ገዝተው ይመጣሉ። ርካሹ በሁለት ወር ይደንዛል። የሚያስፈራው ደግሞ ለጓዳ ሥራ አይመችም፤ በልጅ ቦርሳ ውስጥ ከተገኘም ከዋጋው እጅግ የበለጠ ያስከፍላል።

በሺኩን ቫቲኪምም ሆነ በሌሎች የናታንያ ሰፈሮች የምንኖር ወላጆች፣ በተለይም በአገር ቤት ቢላዋና ካራ ከእጃችን የማይለይ የነበርን አባቶችና እናቶች፣ ሁለት ነገሮችን አብረን ማወቅ ይኖርብናል። አንደኛው ጥሩ ቢላዋ በምን እንደሚታወቅ ነው። ሁለተኛው የእስራኤል ሕግ ስለ ቢላዋ ምን እንደሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱንም በየተራ እናያለን።

ሰንጢና የማይታጠፍ ቢላዋ

ሰንጢ የምንለው ስለቱ ወደ እጀታው ውስጥ የሚታጠፈውን ነው። የማይታጠፍ ቢላዋ ደግሞ ስለቱና እጀታው እንደተያያዙ የሚኖሩበት፣ ሲቀመጥ ሰገባ ወይም ሽፋን የሚያስፈልገው ነው። የወጥ ቤት ቢላዋ፣ የሥጋ ሻጭ ቢላዋ፣ የእርድ ቢላዋና አዳኞች በዱር የሚይዙት ቢላዋ ሁሉም በዚህ ወገን ናቸው።

አዳኞች በዓለም ዙሪያ ከሰንጢ ይልቅ የማይታጠፈውን የሚመርጡበት ምክንያት ቀላል ነው። የሚታጠፍ ነገር መጋጠሚያ አለው፤ መጋጠሚያ ደግሞ ይላላል፣ ይሰበራል፣ ደምና ስብ ይገባበታል። በጫካ ውስጥ የእንስሳ ቆዳ ሲገፈፍና ብልት ሲወጣ እጅ በደምና በስብ ይርሳል። በዚያ ሰዓት ቢላዋው በእጅ ላይ ቢታጠፍ ጣት ይቆርጣል። የማይታጠፈው ግን ጠንካራ ነው፤ በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ ወዲያው ይጸዳል። ይህ ምክንያት በጓዳችንም ይሠራል። ለሠርግ ወይም ለበዓል የበሬ ወርች፣ ጎድን ወይም ሙሉ በግ ከሥጋ ቤት አምጥቶ በቤቱ ብልት የሚያወጣ ሰው የሚሠራው ሥራ ከአዳኙ ብዙም አይለይም።

ከአባቶቻችን እጅ የወጣ ሙያ

ስለ ቢላዋ ስናወራ የራሳችንን ታሪክ ማንሳት ተገቢ ነው። በጎንደርና በአካባቢው ቤተ እስራኤል ርስት የመያዝ መብታቸውን ካጡ በኋላ ኑሯቸውን ከደገፉባቸው ሙያዎች አንዱ ብረት ቀጥቃጭነት ነበር። ወንዶቹ ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያና ቢላዋ ይሠሩ ነበር። ሴቶቹ ደግሞ በሸክላ ሥራ ይታወቁ ነበር። በጎንደር ከተማ አጠገብ ያለችው ወለቃ በእነዚህ የእጅ ሥራዎች ስሟ የታወቀ መንደር ናት። ጎረቤቱ ማረሻና ቢላዋ እየገዛቸው፣ በሌላ ወገን ብረት የሚቀጠቅጥን ሰው «ቡዳ» እያለ ይሰድብ እንደነበር አዛውንቶቻችን አይረሱትም። ስድቡ ግን የሙያውን ጥራት አልቀነሰውም።

በኋላ ዘመን በኢትዮጵያ ብዙ ቀጥቃጮች ቢላዋ የሚሠሩት ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ነበር። ይህ ዝም ብሎ የተገኘ ምርጫ አይደለም። ባሌስትራ ተጎንብሶ የሚመለስ፣ በቀላሉ የማይሰበር አረብ ብረት ነው። ዛሬም በውጭ አገር ትልልቅ ቢላዋ የሚሠሩ ባለሙያዎች የዚህን ዓይነት ብረት ይመርጡታል። ስለዚህ አንድ አዛውንት ቢላዋ በእጃቸው መዝነው፣ በጥፍራቸው ፈትሸው «ይህ ጥሩ ነው» ቢሉ፣ በመደብር ከቆመው ወጣት ሻጭ ይልቅ እሳቸውን ብንሰማ እናተርፋለን።

ርዝመቱ

ሰው ቢላዋ ሲገዛ መጀመሪያ የሚሳሳተው በርዝመት ነው። ትልቁ የሚሻል ይመስለናል። ቆዳ ለመግፈፍና የእንስሳ ሥጋ ለማሰናዳት ግን የስለቱ ርዝመት ከ8 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ቆዳ ሲገፈፍ ጫፉ የት እንዳለ በጣት መቆጣጠር ያስፈልጋል፤ ረጅም ስለት ቆዳውን ይበሳል፣ ሥጋውን ያቆሽሻል፣ ሌላውን እጅም ይቆርጣል።

ለወጥ ቤት ሥራ ደግሞ እንዲህ እንመድበው። ሥጋን ከአጥንት ለመለየት 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ቀጭንና ጠባብ ስለት ያስፈልጋል። ለሽንኩርት፣ ለጎመንና ለጥብስ ሥጋ መክተፊያ ከ18 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰፊ ቢላዋ ይበቃል። ለድንችና ለነጭ ሽንኩርት 8 ሴንቲ ሜትር የሆነች ትንሽ ቢላዋ ትበቃለች። በእነዚህ ሦስቱ ዶሮ ከመበለት እስከ በግ ብልት ማውጣት ያለው የቤት ሥራ በሙሉ ይሠራል። በመደብር በእንጨት ሣጥን ተሰክተው የሚሸጡት አሥራ አምስት ቢላዎች ገንዘብ ከማስወጣት አልፈው የሚጨምሩት ጥቅም ጥቂት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ቢላዋ አጥንት መስበሪያ አይደለም። ቀጭን ስለት በአጥንት ላይ ቢመታ ይሸረፋል። መጋጠሚያውን ፈልጎ በጫፉ ጅማቱን መቁረጥ የጥሩ ብልት አውጪ ሙያ ነው። አጥንት መስበር ካስፈለገ መጥረቢያ ወይም የሥጋ ቤት መጋዝ አለ።

ቅርጹ

በአደን ዕቃ መደብር መስኮት ላይ ብዙ ዓይነት ቅርጽ ይታያል። ጀርባው መጋዝ የሆነ፣ መንጠቆ ያለው፣ ሁለት ስለት ያለው፣ ጥቁር ቀለም የተቀባ አለ። ለሥራ የሚመቸው ግን ከሁሉም ተራ የሚመስለው ነው። ጀርባው ወደ ጫፉ ሲደርስ ቀስ ብሎ ዝቅ የሚል፣ ሆዱ በመጠኑ የተጎበጠ አንድ ስለት ማለት ነው። ጫፉ ወደ ታች ስለሚያዘነብል የእንስሳ ሆድ ሲከፈት አንጀት አይበሳም። የተጎበጠው ሆዱም ቆዳ ለመግፈፍ ይመቻል።

ጥርስ ጥርስ ያለው ስለት ለዳቦና ለገመድ እንጂ ለሥጋ አይሆንም። ደም፣ ፀጉርና ስብ በጥርሶቹ መካከል ይቀራል፤ በቤት ለመሳልም አስቸጋሪ ነው። መንጠቆውም እንዲሁ ነው። ሁለት ስለት ያለው ከሆነ የአደንም የወጥ ቤትም ዕቃ አይደለም፤ ለመውጊያ የተሠራ ቅርጽ ነው። እንዲህ ያለውን ለቤታችን አንግዛ፤ ለልጆቻችንም አንስጥ።

ብረቱ

ለቢላዋ የሚሆን አረብ ብረት በሁለት ወገን ይከፈላል። አንደኛው ካርበን የበዛበት፣ የሚዝገው ብረት ነው። በቀላሉ ይሳላል፣ ስለቱም ይሰላል። ግን ሎሚ፣ ሽንኩርትና ደም ሲነካው ይጠቁራል፤ እርጥብ ከቀረም በአንድ ሌሊት ይዝጋል። ተጠቅሞ ወዲያው የማጠብ፣ የማድረቅና ዘይት የመቀባት ልማድ ላለው ሰው ይሆናል። ሁለተኛው ክሮሚየም የተጨመረበት፣ የማይዝግ የሚባለው ነው። እንደ ናታንያ ባሉ የባሕር ዳር ከተሞች አየሩ ጨውና እርጥበት ስላለበት ለአብዛኛው ቤተሰብ ይህኛው ይሻላል። «የማይዝግ» ማለት ግን ፈጽሞ አይዝግም ማለት አይደለም። ጨዋማ ውሃ ላይ ቆይቶ ቢያድር እሱም ነጠብጣብ ያወጣል።

የብረት ጥንካሬ የሚለካው ሮክዌል በሚባል መለኪያ ነው። ለሥጋና ለቤት ሥራ ከ56 እስከ 58 ያለው መልካም ነው። ከ60 በላይ የሆነው ስለቱን ረጅም ጊዜ ይይዛል፤ ነገር ግን አጥንት ሲነካ ቶሎ ይሸረፋል፣ ለመሳልም ይከብዳል። ሻጩ ይህን ቁጥር ሲጠየቅ መመለስ ካልቻለ፣ በማሸጊያው ላይም የብረቱ ዓይነት ካልተጻፈ፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ቢላዋ ብዙ ገንዘብ ማውጣት አይገባም።

ጥሩ ቢላዋ የግድ ውድ አይደለም። በብዙ አገር ሥጋ ሻጮች እጅ የሚታየው የስዊዘርላንዱ ቪክቶሪኖክስ ፕላስቲክ እጀታ ያለው የሥጋ ቢላዋ ነው። አዳኞችና ዓሣ አጥማጆች የሚወዱት የስዊድኑ ሞራ ደግሞ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለት ያለው፣ መልኩ ተራ የሆነ ቢላዋ ነው። ሁለቱንም ያነሣነው ለማስተዋወቅ አይደለም። የባለሙያ ዕቃ ምን ያህል ቀላልና ጌጥ የሌለው እንደሆነ ለማሳየት ነው።

እጀታውና ሰገባው

ከስለቱ ወደ እጀታው የሚገባውን ብረት እንይ። ብረቱ እስከ እጀታው መጨረሻ ከዘለቀ ቢላዋው ይጠነክራል። እጀታው ከሁለት ወገን በምስማር የታሰረ ከሆነ ብረቱ በጀርባና በሆድ በኩል ስለሚታይ ማወቅ ቀላል ነው። ብረቱ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ገብቶ በማጣበቂያ የተያዘ ከሆነ ግን ሥራ ሲበዛበት ይወልቃል።

እንጨት ለእጅ ይሞቃል፣ ያምራልም፤ ግን ውሃና ስብ ይመጣል፣ ይሰነጠቃል። ለሥጋ ሥራ ፕላስቲክ ወይም ጎማ የተሸለመ እጀታ ይሻላል፤ ሲረጥብ አያንሸራትትም፣ በደንብም ይታጠባል። ከመግዛት በፊት በእጅ ይዘው ይሞክሩት። አራቱ ጣቶች በእጀታው ላይ ሳይጨናነቁ መቀመጥ አለባቸው። በስለቱና በእጀታው መካከል ጣት ወደ ፊት እንዳይንሸራተት የሚከለክል ጉብታ ቢኖር ጥሩ ነው። የእጅ መገጣጠሚያ ሕመም ያለባቸው እናቶች ወፍራም እጀታ ቢመርጡ ይቀላቸዋል።

የጉዞ ቢላዋ ሰገባ ያስፈልገዋል። የቆዳ ሰገባ ያምራል፤ ግን እርጥበት ስለሚይዝ ቢላዋን ለወራት በውስጡ ማስቀመጥ ያዝገዋል። ፕላስቲክ ሰገባ ከታች የውሃ መውጫ ቀዳዳ ካለው ይመረጣል። ሰገባውን ወደ ታች ገልብጠው ሲያወዛውዙት ቢላዋው መውደቅ የለበትም። ለወጥ ቤት ቢላዋም ቢሆን መሳቢያ ውስጥ ከማንኪያ ጋር ከመጣል ርካሽ የፕላስቲክ ሽፋን መግዛት ስለቱንም የልጆችን ጣትም ያተርፋል።

ስለቱን መፈተሽና መሳል

የኦሪትን ሥርዓት የሚያውቁ ሽማግሌዎች የእርድ ቢላዋ እንዴት እንደሚፈተሽ ያውቃሉ። በአይሁድ ሕግ የእርድ ቢላዋ በጣት ሥጋና በጥፍር ይመረመራል፤ ትንሽ እንኳ የተሸረፈ ቦታ ከተገኘበት እርዱ አይቀበልም። ይህ ፍተሻ ለማንኛውም ቢላዋ ይሠራል። የአውራ ጣትን ጥፍር በስለቱ ላይ በጣም በቀስታ፣ ሳይጫኑ ማሳለፍ ነው። የሚይዝ ቦታ ካለ ስለቱ ተሸርፏል ወይም ታጥፏል። ዓይን ለደከመ ሰው ይህ ከማየት ይሻላል። ሌላው መንገድ ወረቀት መቁረጥ ነው። ጥሩ ስለት ወረቀቱን ሳይቀድ በቀጥታ ይቆርጣል።

የእርድ ቢላዋና የአዳኝ ቢላዋ አንድ እንዳልሆኑም እናስታውስ። የእርድ ቢላዋ ጫፉ ሹል አይደለም፤ አራት ማዕዘን ሆኖ ያልቃል። ይህም ያለ መውጋት እንዲቆርጥ ነው። ይህን ሥራ የሚሠራው ሥርዓቱን የተማረና የተፈቀደለት ሰው ነው። እዚህ አገር እንስሳ በግቢ ማረድ አይፈቀድም፤ በሐኪም ቁጥጥር ሥር ባለ ቄራ መሆን አለበት። ስለዚህ ለቤታችን የእርድ ቢላዋ መግዛት አያስፈልገንም። የሚያስፈልገን ብልት ማውጫ ነው።

ለመሳል ሁለት ወገን ያለው የመሳያ ድንጋይ ይበቃል። ሻካራው 400 ቁጥር የተሸረፈን ስለት ለማስተካከል፣ 1000 ቁጥሩ ለዘወትር መሳያ ይሆናል። ለሥጋ ቢላዋ ስለቱን ከድንጋዩ ወደ 20 ዲግሪ ያህል አንስቶ መያዝ ጥሩ ነው። ለመለካት ቀላል መንገድ አለ። ቢላዋውን ቀጥ አድርገው ያቁሙት፣ ከዚያ ግማሽ ያዘንብሉት፣ ከዚያም እንደገና ግማሹን ያዘንብሉት፤ ወደዚያው ይጠጋል። ሁለቱንም ወገን እኩል ቁጥር ይሳሉ። ድንጋይ በእጅ ከሌለ የሸክላ ሲኒ ወይም ሳሕን ሥር ያለው ያልተወለወለ ክብ ጠርዝ ስለቱን በመጠኑ ያስተካክለዋል። የኤሌክትሪክ መሳያ ግን ብረት ስለሚበላ ጥሩ ቢላዋን ያሳጥራል። የዕቃ ማጠቢያ ማሽንም ለስለት ጠላት ነው፤ ቢላዋ በእጅ ይታጠብ።

አደን እዚህና እዚያ

አንዳንድ አባቶች በአገር ቤት ሚዳቋና ድኩላ የታደነበትን ዘመን ያስታውሳሉ። ዛሬ ግን አደን በሁለቱም አገር በሕግ የታጠረ ነው። በሰሜን ተራሮች ያለው ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፤ በ1978 ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። ዋልያ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አይገኝም፤ ለመመናመኑም አንዱ ምክንያት አደን ነው።

በእስራኤልም እ.ኤ.አ. የ1955 የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ አለ። በዚህ ሕግ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን ወንጀል ነው። ጉዳዩን የሚከታተለው ራሹት ሃቴቫ ቬሃጋኒም፣ ማለት የተፈጥሮና የፓርኮች ባለሥልጣን ነው። በሜዳ የምናየው ሚዳቋና በገደል የሚኖረው የዱር ፍየል የተጠበቁ ናቸው። በተጨማሪም በሃይማኖታችን በትክክል ያልታረደ እንስሳ አይበላም፤ በጥይት የወደቀ ሚዳቋ ለገበታችን አይሆንም። ስለዚህ ለአብዛኞቻችን «የአደን ቢላዋ» ማለት በተግባር የጉዞ፣ የዓሣና የሥጋ ቢላዋ ማለት ነው። ልጅዎ «ለአደን ነው» ብሎ ቢላዋ ከጠየቀ፣ ማን ፈቃድ እንደሰጠውና ምን እንደሚያድን ይጠይቁት።

ሕጉ ምን ይላል?

ከዚህ በታች ያለውን እባክዎ ለልጆችና ለልጅ ልጆች ያንብቡላቸው።

እ.ኤ.አ. የ1977 የወንጀል ሕግ አንቀጽ 186 እንዲህ ይደነግጋል። ማንም ሰው ከቤቱ ወይም ከግቢው ውጭ ቢላዋ ይዞ ቢገኝ፣ የያዘውም ለተገቢ ዓላማ እንደሆነ ካላስረዳ፣ እስከ አምስት ዓመት እስራት ሊፈረድበት ይችላል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር እናስተውል። አንደኛ፣ የማስረዳቱ ሸክም ያለው በያዘው ሰው ላይ ነው። ፖሊስ መጥፎ ሐሳብ እንደነበረው ማስረዳት አይጠበቅበትም። ሁለተኛ፣ ሰውን መጉዳት ወይም ማስፈራራት አያስፈልግም። በቦርሳ ውስጥ መገኘቱ ብቻ ይበቃል። መኪናም ቤት አይደለም፤ በመኪና ውስጥ የተቀመጠ ቢላዋ ከቤት ውጭ እንደተያዘ ይቆጠራል።

ሕጉ አንድ ነገር ለይቶ አውጥቷል። እሱም በዕብራይስጥ «ኦላር» የሚባለው ሰንጢ ነው። ስለቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ በመወርወሪያ ሽቦ ወይም በሌላ መቆለፊያ ወደማይታጠፍ ቢላዋ ሊለወጥ የማይችል ሰንጢ በዚህ አንቀጽ ቢላዋ አይባልም። የማይታጠፍ ቢላዋ ግን ስለቱ 5 ሴንቲ ሜትር ቢሆንም ይህ ነፃነት የለውም። ሲከፈት የሚቆለፍ ሰንጢም እንደ ቢላዋ ሊቆጠር ይችላል። በሰንጢና በማይታጠፍ ቢላዋ መካከል ያለው ልዩነት በሥራ ብቻ ሳይሆን በሕግም ትልቅ የሆነው በዚህ ነው።

ብዙ ወጣቶች «ራሴን ለመከላከል ነው የያዝኩት» ይላሉ። ይህ መልስ ያድነኛል ብሎ መተማመን ስሕተት ነው። ፍርድ ቤቶች በአጠቃላይ እንዲህ ያለውን ፍርሃት እንደ ተገቢ ዓላማ አይቀበሉትም። ተገቢ ዓላማ የሚባለው ሥራ፣ ምግብ ማሰናዳት፣ ጉዞና የመሳሰለው ነው። እሱም ቢሆን ከጊዜውና ከቦታው ጋር መስማማት አለበት። ዓርብ ረፋድ ከድስትና ከሥጋ ጋር በጉዞ ቦርሳ የተያዘ ቢላዋና ሌሊት በሰፈር መናፈሻ በወገብ የተሻጠ ቢላዋ ዳኛ ፊት አንድ አይደሉም።

የእኛ ልጆች በፖሊስ ቶሎ እንደሚቆሙ የማያውቅ ወላጅ የለም። በእኛ ማኅበረሰብ ላይ የሚደርሰውን ዘረኝነት የመረመረውና እ.ኤ.አ. በ2016 ሪፖርቱን ያቀረበው የፓልሞር ኮሚቴም የፖሊስን አያያዝ ጉዳይ አንስቷል። ይህ መስተካከል ያለበት ነገር ነው፤ እስኪስተካከል ድረስ ግን ቦርሳው ባዶ የሆነ ልጅ ቶሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ቢላዋ የተገኘበት ልጅ ደግሞ «ቲክ ፕሊሊ» የሚባለው የወንጀል መዝገብ ሊከፈትበት ይችላል። ይህም ወደ ጦር ሠራዊት ሲገባና ሥራ ሲፈልግ ይከተለዋል። ልጅዎ ለምርመራ ከተጠራ ከመናገሩ በፊት ከጠበቃ ጋር የመመካከር መብት እንዳለው ይወቅ። «ሳኔጎሪያ ጺቡሪት» የሚባለው የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ቢሮ አለ፤ ይጠይቁት።

ቢላዋ ከቦታ ወደ ቦታ ለመውሰድ የግድ ከሆነ እንዲህ ያድርጉ። አዲስ ከገዙ በማሸጊያው እንዳለ፣ ከደረሰኙ ጋር፣ በቀጥታ ወደ ቤት ይውሰዱ። ለጉዞ ከሆነ በሰገባው አድርገው ከምግብ ዕቃ ጋር በቦርሳው ሥር ያስቀምጡ፤ ኪስ ወይም ወገብ ላይ አይሁን። ከጉዞ እንደተመለሱ የዚያኑ ዕለት አውጥተው ወደ ጓዳ ይመልሱ። ብዙ ጊዜ ችግር የሚመጣው ዓርብና ቅዳሜን የተጓዘ ቦርሳ እሑድ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ነው። ለገበያ አዳራሽና ለባቡር ጣቢያ መግቢያ ፍተሻ እንዳለ፣ በአውሮፕላንም ቢላዋ በእጅ ሻንጣ እንደማይገባ አይርሱ። ከኢትዮጵያ የአያት ቢላዋ ለማስታወሻ የሚያመጣ ሰው ወደ ዕቃ ክፍል በሚገባው ሻንጣ በደንብ ጠቅልሎ ያስገባ።

ቢላዋ ለሥራ ለሚይዙ

ከወገኖቻችን ብዙዎች በሆቴልና በምግብ ቤት ወጥ ቤት፣ በሥጋ ቤትና በምግብ ፋብሪካ ይሠራሉ። ለእነሱ የምንመክረው ቢላዋው ሥራ ቦታ በቁልፍ ባለ ሣጥን እንዲያድር ነው። የራስዎን ቢላዋ ይዘው መመላለስ ካለብዎ፣ በተዘጋ የሥራ ሣጥን ይያዙት፣ ከአሠሪው የተጻፈ ወረቀትም አብሮ ይኑር።

እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የግል መከላከያ መሣሪያ ደንብ አሠሪ ለሠራተኛው የሚያስፈልገውን መከላከያ በራሱ ወጪ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ሥጋ ከአጥንት ለሚለይ ሰው ቢላዋ የማይበሳው ጓንት ከዚህ ይመደባል። «ከደመወዝህ እንቆርጣለን» የሚል ካለ ልክ አይደለም። በሥራ ላይ ከተቆረጡ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ከአሠሪው 250 ቁጥር ቅጽ ተቀብለው ወደ ኩፓት ሆሊም ይሂዱ። በዚያ ቅጽ ሕክምናው እንደ ሥራ አደጋ ይመዘገባል። ጅማት የተቆረጠበት ጣት ችግሩ ከወራት በኋላ ሊታይ ይችላል፤ ያን ጊዜ ቢቱዋህ ሌኡሚ ዘንድ የሚያስረዳልዎ ወረቀቱ ነው።

ሲገዙ መብትዎን ይወቁ

ደረሰኝ፣ በዕብራይስጥ «ካባላ»፣ ሁልጊዜ ይቀበሉ። ዋጋው ከ50 ሸቀል በላይ የሆነ ዕቃ ከሱቅ ገዝተው ካልተጠቀሙበት በአጠቃላይ በ14 ቀን ውስጥ መመለስ ይችላሉ። ሱቁ ለመሰረዣ የሚቆርጠው ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሸቀል፣ ከሁለቱ ያነሰውን ነው። በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተገዛም እንዲሁ በ14 ቀን ይመለሳል። ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ከመጡ አምስት ዓመት ላልሞላቸው አዲስ ዖሊሞችና ለአካል ጉዳተኞች ደግሞ፣ ግዢው ከሻጩ ጋር በመነጋገር የተደረገ ከሆነ ጊዜው እስከ አራት ወር ይረዝማል። በስልክ ደውሎ «የቢላዋ ስብስብ በልዩ ዋጋ» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎ ይህን መብት ያስታውሱ።

በሱቅ ውስጥ እነዚህን ስድስት ነገሮች ይመልከቱ።

1. ለየትኛው ሥራ እንደሚገዙት ከቤት ሳይወጡ ይወስኑ።
2. ስለቱ ቀጥ ያለ፣ ሳይሸረፍ፣ ከእጀታው እስከ ጫፉ እኩል የተሳለ መሆኑን ይዩ።
3. ብረቱ እስከ እጀታው መጨረሻ መዝለቁንና እጀታው አለመነቃነቁን ይፈትሹ።
4. በእጅዎ ይዘው ጣቶችዎ መመቻቸታቸውን ይሞክሩ።
5. የብረቱ ዓይነትና የሠራው ፋብሪካ በማሸጊያው ላይ መጻፉን ያንብቡ፤ ዕብራይስጥ የሚቸግርዎ ከሆነ ልጅዎን ይጠይቁ።
6. ሰገባ ወይም ሽፋን አብሮ መኖሩን ያረጋግጡ።

ለወተትና ለሥጋ የተለያየ ቢላዋ የሚይዝ ቤት ቀለማቸው የተለያየ እጀታ ቢገዛ አይሳሳትም። አዲስ የብረት ዕቃ ከመጠቀም በፊት በሚቅዌ መነከር እንዳለበትና እንደሌለበት ደግሞ ቄስዎን ወይም ረብዎን ይጠይቁ።

ቢላዋን በሚገባ መያዝ፣ ማወቅና ማክበር ከአባቶቻችን የወረስነው ነው። ያን ለልጆቻችን ስናስተምር ስለቱን ብቻ ሳይሆን ቦታውንም እናስተምራቸው፤ የቢላዋ ቦታ ጓዳና የሥራ ጠረጴዛ ነው። ይህን ካነበቡ በኋላ ዛሬውኑ አንድ ነገር ያድርጉ። የቤቱን የጉዞ ቦርሳዎች፣ የልጆችን የትምህርት ቤት ቦርሳና የመኪናውን መሳቢያ ከልጆቹ ጋር ሆነው ይፈትሹ፤ የተረሳ ቢላዋ ካገኙ አጥበው ወደ ጓዳው ይመልሱት።